መድፉን ማን ይጎትተዋል? የአንባቢያን ጥያቄና የአንድ አሮጌ መድፈኛ መልስ

ባለፈው እትም ስለ ጥንት ምሽጎች ስጽፍ መጨረሻው ላይ «እኔም በጎልማሳነቴ መድፈኛ ነበርኩ» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ጣል አድርጌ ነበር። ጉድ ያፈላችው እሷ ናት። ስለ ምሽጉ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። የመጣው ደብዳቤ ሁሉ ስለ መድፍ ሆነ።

እንግዲህ ማንነቴን ልናገርና ልጀምር። 11 ዓመት ከ122 ሚሊሜትር መድፍ ጋር ኖሬአለሁ። መጀመሪያ ቅምቡላ ተሸካሚ ነበርኩ። አንዱ ቅምቡላ ወደ 22 ኪሎ ይመዝናል፤ ወገቤ እስከ ዛሬ አልረሳውም። በኋላ «ይኼ ልጅ ቁጥር ይችላል» ተባለና ስሌት ክፍል አስገቡኝ። ከዚያ ወዲህ መድፍ በእጄ አልተኮስኩም፤ ለሚተኩሱት ቁጥር ስሰጥ ኖርኩ። ስለዚህ መልሶቼ ወደ ሁለት ነገር ማዘንበላቸው አይቀርም፤ ወደ ክብደትና ወደ ሒሳብ። የጀግንነት ወሬ የፈለገ ሌላ ገጽ ይግለጥ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ቁስጥንጥንያን የጣላት የኡርባን መድፍ ነው እያልኩ አስተምራለሁ። በቀደም አንድ ተማሪዬ ‹በቀን ሰባት ጊዜ ብቻ የሚተኩስ መድፍ እንዴት አድርጎ ከተማ ይጥላል?› ብሎ አፋጠጠኝ። ምን ልበለው?» (የታሪክ መምህርት)

መልስ፦ መምህርት፣ ያንን ልጅ እንዳይቀየሙት። የጠየቀው የመድፈኛ ጥያቄ ነው።

ኡርባን ከሃንጋሪ የመጣ መድፍ ሠሪ ነበር። ሙያውን ይዞ መጀመሪያ የሄደው ወደ ቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ወደ ቆስጠንጢኖስ 11ኛ ነው። የንጉሡ ካዝና ግን ባዶ ነበር፤ ደመወዙን መክፈል አቃተው። ሰውየው ጓዙን ጠቅልሎ ከተማዋን ሊይዝ ወደሚፈልገው ወደ ኦቶማኑ ሱልጣን መሐመድ 2ኛ ተሻገረ። ሱልጣኑ ከጠየቀው በላይ ሰጠው። እኔ እንደሚመስለኝ የከተማዋ ዕጣ ግማሹ ያለቀው እዚያ ደመወዝ ላይ ነው።

ትልቁ መድፍ ኤዲርኔ ተሠራ። ከዚያ እስከ ቁስጥንጥንያ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። 60 በሬ ጎተተው። ወደ 200 የሚጠጋ ሰው እንዳይገለበጥ በግራና በቀኝ እየደገፈው ሄደ። ከፊት ከፊት ደግሞ መንገድ የሚያስተካክሉና ድልድይ የሚያጠናክሩ ሠራተኞች ነበሩ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሰው የሚለፋው አንድ ጥይት ሳይተኮስ ነው።

ተማሪዎ የሳታት ነገር አንዲት ናት። መድፉ ብቻውን አልነበረም። በዙሪያው ከሱ ያነሱ ብዙ መድፎች ተደርድረው ነበር። ግንቡ ደግሞ በ5ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፤ ያኔ ይፈራ የነበረው ድንጋይ ወርዋሪ መሣሪያ እንጂ ባሩድ አልነበረም። መድፎቹ ቀን ቀን የናዱትን ተከላካዮቹ ሌሊት ሌሊት በእንጨት፣ በአፈርና በበርሜል ይደፍኑታል። ነጋ፤ ተናደ። መሸ፤ ተደፈነ። ይኼ ነገር ከ7 ሳምንት በላይ ቀጠለ። ከውስጥ ያለው ሰው ቁጥሩ ጥቂት፣ ተቀያሪ የሌለው፣ እንቅልፍ ያጣ ነው። በ1453 ግንቦት መጨረሻ ላይ ሱልጣኑ ሠራዊቱን በሙሉ ሲለቅበት የቆመው የደከመ ሰው ነበር። ለልጁ እንዲህ ይበሉት፤ መድፉ ግንቡን ብቻ ሳይሆን ግንበኛውንም ነው የጨረሰው።

እግረ መንገዴን አንድ ልጨምር። በዚያው በ1453 ሐምሌ ላይ ፈረንሳዮች ካስቲዮን በተባለ ቦታ መድፋቸውን ከቦይና ከአፈር ክምር ጀርባ ደርድረው እንግሊዞችን ጠበቁ። ስመ ጥሩ የእንግሊዝ አዛዥ ጆን ታልቦት «ፈረንሳዮች እየሸሹ ነው» የሚል ወሬ ሰማና ቀጥታ ተንደረደረባቸው። እዚያው ቀረ። የመቶ ዓመቱ ጦርነት የመጨረሻ ውጊያ ይኼ ነው። ለእኔ ከቁስጥንጥንያው ይልቅ ይኼኛው ነው የወደፊቱን ያሳየው፤ መድፍ ግንብ ብቻ ሳይሆን ሜዳ ላይ የሚሮጥ ሠራዊትም ሊያስቆም እንደሚችል።

ከዚያ ወደ 40 ዓመት ቆይቶ፣ በ1494፣ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል 8ኛ ጣሊያን ሲገባ መድፎቹ መንኮራኩር ነበራቸው። የሚጎትታቸው ፈረስ እንጂ በሬ አይደለም። ከበርሜሉ ጎንና ጎን የወጡ ሁለት ጉጦች ሠረገላው ላይ ስለሚያርፉ አፈሙዙን ከፍ ዝቅ ማድረግ ቀላል ሆነ። ሁለት ጉጥ ነው እንግዲህ፤ ብዙ ሰው ሙዚየም ውስጥ አይቶት ያልፋል። ሞንቴ ሳን ጆቫኒ የሚባል ምሽግ ቀደም ሲል 7 ዓመት ከበባ የቻለ ነው ይባልለት ነበር። በሻርል መድፍ በሰዓታት ወደቀ። ከዚያ በኋላ ነው የጣሊያን መሐንዲሶች ረጅም ግንብ መሥራት ትተው አጭር፣ ወፍራም፣ ማዕዘኑ እንደ ቀስት ጫፍ የሾለ ምሽግ መሥራት የያዙት።

ጥያቄ፦ «መድፍ፣ ሃዊትዘርና ሞርታር ምንና ምን ናቸው? ዜና ላይ ሁሉንም ‹ከባድ መሣሪያ› ብለው ያልፉታል።» (ዜና አድማጭ)

መልስ፦ ድንጋይ ወርውረህ ፊት ለፊትህ ያለ መስኮት ስትመታ መድፍ ነህ። አጥር ተሻግሮ ጓሮ ውስጥ እንዲወድቅ ወደ ላይ ስትወረውረው ሞርታር ነህ። ሃዊትዘር መካከል ላይ ያለው ነው፤ እንደ ሁኔታው ዝቅም ከፍም አድርጎ ይተኩሳል። መድፍ በርሜሉ ረጅም፣ ጥይቱ ፈጣን ነው። ሞርታር በርሜሉ አጭር ነው፤ ትንሹን ሁለት ሦስት ሰው ተሸክሞት ይሄዳል። በአነጋገራችን ግን ሁሉንም መድፍ ነው የምንለው። እኔም የተኮስኩት ሃዊትዘር ነበር፤ ማንም ግን «ሃዊትዘረኛ» ብሎኝ አያውቅም።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ናፖሊዮን መድፍን ለምን እንደዚያ ወደደ? አስተማሪያችን ‹መድፈኛ ስለነበረ› ብሎ አለፈው።» (የ11ኛ ክፍል ተማሪ)

መልስ፦ አስተማሪህ አልተሳሳተም፣ ልጄ፤ ቸኮለ እንጂ። ናፖሊዮን በ1785፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ የመድፈኛ ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ወጣ። መድፈኛ ትምህርት ቤት ሒሳብ ይጠይቅ ነበር፤ ለድሃ መኳንንት ልጅም በር የሚከፍት ሙያ ነበር። በ1793 ቱሎን ላይ መድፎቹን ወደቡን ቁልቁል በሚያይ ቦታ ተክሎ የእንግሊዝን መርከቦች አባረረ። በ24 ዓመቱ ጄኔራል ሆነ።

ግን ያ መድፍ ከየት መጣ? እዚህ ላይ አንድ የተረሳ ሰው አለ፤ ግሪቦቫል ይባላል። በ1765 የፈረንሳይን መድፍ እንደ አዲስ ማደራጀት ጀመረ። ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ መድፍ ሲቀልጥ መሐሉ ባዶ እንዲሆን ቅርጽ አስገብተው በዙሪያው ያፈሱበታል። ቅርጹ ትንሽ ከተንሸራተተ ቀዳዳው ይጣመማል። ማሪትዝ የሚባሉ ባለሙያዎች ድፍን አድርገው አቅልጠው በኋላ በመሰርሰሪያ መብሳት ጀመሩ። ቀዳዳው ቀጥ አለ። ቀጥ ስላለ በአረሩና በበርሜሉ መካከል ያለው ክፍተት ጠበበ። ስለጠበበ የባሩዱ ጉልበት በከንቱ አያመልጥም፤ ትንሽ ባሩድ ይበቃል። ባሩዱ ካነሰ በርሜሉ ቀጭን መሆን ይችላል። ቀጭን ከሆነ ይቀላል። ከቀለለ ፈረስ ይዞት ይሮጣል። ናፖሊዮን ኦስትሪያ ውስጥ ቫግራም ላይ በ1809 መቶ ያህል መድፍ በአንድ ቦታ መሰብሰብ የቻለው በዚያች መሰርሰሪያ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ጠጋ ብለህ እይ። የዚያን ጊዜ አረር አብዛኛው ድፍን የብረት ኳስ ነው፤ አይፈነዳም። የሚገድለው በመንጠር ነው። መሬት ይነካል፣ ይነጥራል፣ እንደገና ይነካል፤ በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ቀስ ብሎ ሲንከባለል ያየ አዲስ ወታደር እንደ ኳስ ሊያስቆመው እግሩን ይሰዳል። እግሩ አብሮ ይሄዳል። በ1815 ዋተርሉ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ጥሎ አደረ። ጭቃ ላይ ኳስ አይነጥርም፤ ይሰምጣል። መድፍ መጎተቱም መከራ ነው። ናፖሊዮን መሬቱ ትንሽ እንዲጠነክር ብሎ ጠበቀ። ውጊያው የተጀመረው ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ከሰዓት በኋላ የእንግሊዞች አጋር የሆኑት ፕሩሲያውያን ሲደርሱበት ያቺ የጠፋች ጠዋት ሳትቆጨው አልቀረችም።

ጥያቄ፦ «ስለ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፊልም ባየሁ ቁጥር ሰው የሚያልቀው በመትረየስ ነው። ባለቤቴ ግን ‹የጨረሳቸው መድፍ ነው› ይላል። ፍረዱን።» (ፊልም ወዳድ)

መልስ፦ በጠቅላላው ለባለቤትሽ ነው የምፈርደው። በዚያ ጦርነት ከተመታው ሰው ከግማሽ በላይ የተመታው በመድፍና በሞርታር ነው። ብዙው የሞተው ማን እንደገደለው ሳያይ ነው፤ ገዳዩም ማንን እንደገደለ አያውቅም። ይኼ ለፊልም አይመችም፤ መትረየስ ግን ፊት አለው።

አንቺም ግን ባዶ እጅሽን አትመለሺም። ፈረንሳይ ውስጥ የተደረገውን የሶምን ውጊያ እንይ። በ1916 እንግሊዞች በጀርመኖች ምሽግ ላይ ለአንድ ሳምንት ቀንና ሌሊት 1.5 ሚሊዮን ያህል ቅምቡላ አዘነቡ። ሐምሌ 1 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ እግረኛው ከቦዩ ወጣ። ብዙዎቹ አዛዦች ማዶ በሕይወት የተረፈ ሰው የለም ብለው ነበር። በአንድ ቀን 19,240 የእንግሊዝ ወታደር ሞተ። የገደላቸውም በአብዛኛው መትረየስ ነው።

ለምን? አንደኛ፣ ከቅምቡላው ብዙው ሳይፈነዳ ቀረ። ፋብሪካዎቹ በጥድፊያ ነበር የሚያመርቱት። የፈረንሳይና የቤልጂየም ገበሬዎች እስከ ዛሬ ድረስ ሲያርሱ ቅምቡላ ያወጣሉ። ሁለተኛ፣ ከተተኮሰው አብዛኛው ሽራፕኔል ነበር። ይህ ሄንሪ ሽራፕኔል የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን የፈለሰፈው ነው፤ ቅምቡላው አየር ላይ ይከፈትና የእርሳስ ፍሬ ይረጫል። ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው አጥፊ ነው። ለእሾሃማ ሽቦ ግን ያን ያህል አይደለም፤ ፍሬዎቹ በሽቦው መሐል ያልፋሉ። ሦስተኛ፣ ጀርመኖቹ 9 ሜትር ድረስ ቆፍረው ገብተው ነበር። ድብደባው ሲቆም መትረየሳቸውን ይዘው ደረጃውን ወጡ።

ዝምታው ነው የጠቆማቸው። አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያጓራ የኖረ መድፍ ድንገት ዝም ሲል ማንም ሰው «መጡ» ይላል። ከዚያ በኋላ መድፈኞች የተማሩት ትልቁ ትምህርት ይኼ ነው። እሳቱ ከእግረኛው ፊት ፊት በየጥቂት ደቂቃው 100 ሜትር እየተራመደ መሄድ አለበት፤ እግረኛውም ጭሱን እስኪነካው ተጠግቶ መከተል አለበት። ጀርመናዊው የመድፈኛ መኮንን ብሩክሙለር ደግሞ ሳምንቱን ወደ ሰዓታት አሳጠረው። ዓላማው ሁሉንም መግደል አይደለም፤ ጠላት ለጥቂት ሰዓት ስልኩ እንዲቆረጥ፣ መድፉ እንዲታፈን፣ አዛዡ እንዲደናገር ነው።

ጥያቄ፦ «ሶፍትዌር ነው የምሠራው። 15 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ፣ ተራራ ጀርባ የተደበቀ ነገር ሳታዩት እንዴት ነው የምትመቱት?» (ፕሮግራመር)

መልስ፦ ይኼን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ወንድሜ፣ እንጀራችን አንድ ነው፤ ኋላ ላይ ይገባሃል።

መድፈኛው ዒላማውን አያይም። የሚያየው ከመድፉ አጠገብ የተተከለ ምልክት ነው። አነጣጣሪው ዓይኑን መነጽሩ ላይ አድርጎ በዚያ ምልክት ላይ ይቆልፋል፤ ከዚያ እኔ የሰጠሁትን ቁጥር ያህል ይዞራል። ክቡን በ360 ዲግሪ አንከፍለውም፤ ሩሲያ ሠራሹ በ6,000፣ የኔቶው በ6,400 ይከፍለዋል። ለምን? አንድ ክፋይ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ 1 ሜትር ያህል ስለሚሆን ነው። በሚነዋወጥ መኪና ውስጥ፣ በባትሪ መብራት፣ እርሳስ ይዘህ ስታሰላ የዚህ ጥቅም ይገባሃል።

ዒላማውን የሚያየው ሌላ ሰው ነው፤ ቃኚው። ኮረብታ ላይ ተኝቶ ሬዲዮ ይዟል። «ረዘመ፣ 200 ቀንስ። ግራ 50።» እንዲህ እያለ ያቀርበዋል። አንዱ ሲረዝም አንዱ ሲያጥር መሐሉን ይዘህ ትከፍላለህ። አንተ በዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር ስትፈልግ እንደምታደርገው ማለት ነው።

ነገር ግን ምርጡ ያለማስጠንቀቂያ በመጀመሪያው መምታት ነው። ለዚያ ሠንጠረዥ አለ፤ ወፍራም መጽሐፍ። ሠንጠረዡ የተሠራው አየሩ 15 ዲግሪ፣ ነፋስ የሌለበት፣ በርሜሉ አዲስ ነው ተብሎ ነው። እንደዚያ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም። ባሩዱ ፀሐይ ላይ ከዋለ ፈጥኖ ስለሚነድ ቅምቡላው ይረዝማል። በርሜሉ ካረጀ ያጥራል። ነፋሱ አለ። ቅምቡላው ራሱ እየተሽከረከረ ስለሚሄድ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። እያንዳንዷን ትደምራለህ፣ ትቀንሳለህ።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ ነፋሱ ከፊት ነበር። መጨመር ሲገባኝ ቀነስኩ። ተኮሱ። ሬዲዮው ለአፍታ ጭጭ አለ። ከዚያ ቃኚው ቀስ ብሎ «ይቺ የማን ናት?» አለ። 400 ሜትር አጥራ ባዶ ሜዳ ላይ ወድቃ ነበር። ሰው የለም፤ ተመስገን። አዛዤ አልጮኸብኝም። ልምምዱ ሲያልቅ «ና» አለኝና እስከ ጉድጓዱ በእግር ወሰደኝ። ጉድጓዱ ወገቤን ይውጣል። ዙሪያው ያለው ሣር ወደ ውጭ ተኝቷል፤ ማበጠሪያ የገባበት ይመስላል። የተቃጠለ ድንጋይ ይሸታል። ጣት የምታህል ፍንጣሪ አንስቼ ያዝኩ፤ ጠርዟ እንደ ምላጭ ነው፤ መዳፌን ቆረጠችኝ። «ያቺ የመደመር ምልክት ይቺን ታህላለች» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ የምደምረውን ሁለቴ ሳልደምር እርሳስ አላስቀመጥኩም። የሱቅ ሒሳብ እንኳ።

አሁን ወደ እንጀራችን ልመለስ። በመጀመሪያው ጦርነት ዊሊያም ሎረንስ ብራግ የሚባል ወጣት የፊዚክስ ሰው የተደበቀ የጠላት መድፍ በድምፁ እንዲያገኝ ታዘዘ። በ1915 በ25 ዓመቱ ከአባቱ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘ ነው፤ ወንድሙም በዚያው ዓመት ጋሊፖሊ ላይ ሞቶበታል። ችግሩ ማይክሮፎኑ የመድፉን ድምፅ ከሌላው ጫጫታ አይለይም። ብራግ መልሱን ያገኘው ሽንት ቤት ተቀምጦ ነው፤ ቀልዴን አይደለም። በአቅራቢያው አንድ መድፍ በተተኮሰ ቁጥር ከተቀመጠበት ትንሽ ከፍ ሲል ተሰማው። ጆሮ የማይሰማው ወፍራም ግፊት እንዳለ ገባው። ቱከር የሚባል ባልደረባው የጋለ ቀጭን ሽቦ በሣጥን ቀዳዳ ላይ ዘረጋ። ግፊቱ ሲመጣ ሽቦው ይቀዘቅዛል፤ ጫጫታው ግን አይነካውም። እንዲህ ያሉ ጥቂት ሣጥኖች ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ ድምፁ ለእያንዳንዳቸው የደረሰበት ሰዓት ሲነጻጸር የመድፉ ቦታ ይገኛል። በኅዳር 1917 ፈረንሳይ ውስጥ ካምብሬ ላይ 1,000 ያህል የእንግሊዝ መድፎች አንድም የሙከራ ጥይት ሳይተኩሱ በአንድ ጊዜ ተኮሱ። ሁሉም ነገር አስቀድሞ በሒሳብ አልቆ ነበር።

ሠንጠረዡስ? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ውስጥ ያንን ሠንጠረዥ ያሰሉ የነበሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። የሥራቸው መጠሪያ «ኮምፒውተር» ነበር። የአንድ ቅምቡላ አንድ መንገድ በማስያ ማሽን ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል፤ ለአንድ ሠንጠረዥ ደግሞ እጅግ ብዙ መንገድ ያስፈልጋል። ያን ለማፍጠን የተሠራው ማሽን ኤኒያክ ነው፤ 30 ቶን ይመዝናል፤ በ1946 ለሕዝብ ታየ። አንዱን መንገድ በ30 ሴኮንድ ያሰላል፤ ቅምቡላው ራሱ አየር ላይ ከሚቆይበት ጊዜ ያጠረ ማለት ነው። ፕሮግራም ያደረጉት ከእነዚያው ሴቶች የተመረጡ ስድስቱ ናቸው። እንግዲህ ጠረጴዛህ ላይ ያለው ነገር አያቱ መድፈኛ ነው።

ጥያቄ፦ «ልጅ ሆኜ በዓለም ትልቁ መድፍ ባቡር ያህላል ሲሉ እሰማ ነበር። እውነት ነው? ትልቅ መድፍ ያለው ያሸንፋል ማለት ነው?» (ጡረተኛ)

መልስ፦ አባቴ፣ ባቡር ያህላል ብቻ አይደለም፤ በባቡር ሐዲድ ላይ ነው የሚሄደው። ጉስታቭ የተባለው የጀርመን መድፍ 1,350 ቶን ነበር፤ አፈሙዙ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ሁለት ጎን ለጎን የተዘረጋ ሐዲድ ይፈልጋል። በሰኔ 1942 ክራይሚያ ውስጥ ያለችውን የሴባስቶፖልን ከተማ ደበደበ። 48 ጊዜ ያህል ተኮሰ። ከዚያ በኋላ ለቁም ነገር አልዋለም። አንድ መድፍ ለመትከል በሺህ የሚቆጠር ሰው ሳምንታት ቆፈረ።

ከሱ በፊት በ1918 ፓሪስን ከ120 ኪሎ ሜትር ርቀት የደበደበ መድፍ ነበራቸው። ቅምቡላው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ ሲያሰሉለት መሬት ከሥሩ መዞሯን ሳይቀር መቁጠር ነበረባቸው። በርሜሉ በተኮሰ ቁጥር ስለሚበላና ቀዳዳው ስለሚሰፋ፣ ቅምቡላዎቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው እያንዳንዱ ካለፈው በጥቂቱ ይወፍራል። ተራ ማሳሳት አይቻልም። ሲቪል ገደለ፤ ጦርነቱን ግን አንድ ቀን እንኳ አላሳጠረም።

ሴባስቶፖል ስል የዐፄ ቴዎድሮስ ትዝ እንደሚሎት አውቃለሁ። ስሙ የመጣው ከዚያችው ከተማ ከበባ ነው፤ ከ1854 እስከ 1855 ከተደረገው። ጋፋት ላይ ቀልጦ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሞርታር መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጀ። በሚያዝያ 1868 ውጊያው ሲመጣ የፈየደው ነገር የለም። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ብረቱ አይደለም፤ መንገዱ ነው። ንጉሡ ለአንድ መድፍ ሲሉ በገደል ላይ መንገድ አስቀደዱ።

ከትልቁ መድፍ ይልቅ በትክክለኛው ቦታ የቆመው ነው የሚያሸንፈው። በ1954 ዲየን ቢየን ፉ ሸለቆ ውስጥ የነበሩት ፈረንሳዮች ቬትናሞች ከባድ መድፍ ተራራ ላይ ማውጣት አይችሉም ብለው ነበር። የመድፈኛ አዛዣቸው ኮሎኔል ፒሮት አንድ እጁን ቀደም ባለው ጦርነት ያጣ ሰው ነው። «የጠላት መድፍ ሦስት ጊዜ ሳይተኩስ እደመስሰዋለሁ» ይል ነበር። የቬትናሙ አዛዥ የጄኔራል ዢያፕ ሰዎች ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን 105 ሚሊሜትር ሃዊትዘር በገመድ፣ በእጅ፣ በጫካ ውስጥ ሽቅብ ጎተቱ። ጥር ላይ ሊተኩሱ ጥቂት ሲቀራቸው ዢያፕ «አልተዘጋጀንም፤ መልሱት» አላቸው። አወረዱት። እንደገና አወጡት። እዚህ ላይ አንባቢ አንብቦ ያልፋል፤ እኔ አላልፍም። ከ3 ቶን የሚበልጥ መድፍ ጭቃ ውስጥ ገብቶብኝ ስድስት ሆነን 10 ሜትር ለማንቀሳቀስ ግማሽ ቀን ፈጅተናል። መጋቢት 13 መድፎቹ ከተራራው ሆድ ውስጥ ተኮሱ። ፒሮት ሊያገኛቸው አልቻለም። ከሁለት ቀን በኋላ በእጅ ቦምብ ራሱን ገደለ። ምሽጉ ግንቦት 7 ወደቀ።

ጥያቄ፦ «ድሮን መጣ። መድፍ አበቃለት?» (አጭር ጠያቂ)

መልስ፦ አውሮፕላን ሲመጣም፣ ሚሳኤል ሲመጣም እንዲህ ተብሎ ነበር። ከ2022 ወዲህ ዩክሬን ውስጥ የታየው ሌላ ነው። ድሮኑ ኮረብታ ላይ ተኝቶ የነበረውን ቃኚ ተክቷል። ሰማይ ላይ ሆኖ «200 ቀንስ» ይላል፤ አይደክመውም፣ አይበርደውም። መድፈኛው ግን ኑሮው ከፍቷል። እኔ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ቦታ ተክለን እንውል ነበር፤ ዛሬ ተኩሶ በደቂቃዎች ውስጥ ያልሸሸ ይመታል። ድሮን ራሱ ፈንጂ ይዞ ስለሚመጣ ከመድፉ ሥራ የተወሰነውን ወስዷል፤ ይኼን መካድ አይቻልም። ጭጋግና ነፋስ ግን ድሮንን ያስቀራሉ፤ ቅምቡላን አያስቀሩም።

የጠፋው ደግሞ መድፍ ሳይሆን ቅምቡላ ነው። አሜሪካ ጦርነቱ ሲጀመር በወር 14,000 ያህል የ155 ሚሊሜትር ቅምቡላ ነበር የምታመርተው። ዓይነቱ ቢለያይም እርሳሴን ይዤ አሰላሁት፤ ሶም ላይ በነበረው አተኳኮስ የአንድ ወሩ ምርት ሁለት ሰዓት አይሞላም። እንግሊዝም በ1915 ቅምቡላ አጥታ መንግሥቷ እስከ መናጋት ደርሳ ነበር።

ጥያቄ፦ «ፎቶ ላይ መድፈኞች ሲተኩሱ ጆሯቸውን ይዘው አፋቸውን ይከፍታሉ። እየጮኹ ነው?» (የ9 ዓመት ልጅ፣ በእናቷ በኩል)

መልስ፦ የለም፣ የኔ ልጅ፤ አይጮኹም። ቢጮኹም የሚሰማቸው የለም። መድፍ ሲተኮስ አየሩ ይገፋል። አፍ ሲከፈት ግፊቱ ከውጭም ከውስጥም እኩል ይሆንና የጆሮ ታምቡር ይተርፋል ብለው ነው ያስተማሩን። እኔ አፌን እከፍት ነበር። ጆሮዬን ግን ሁልጊዜ አልያዝኩም፤ በአንድ እጄ እርሳስ፣ በሌላው ስልክ ነበረኝ። ስለዚህ አንድ ቀን ካገኘሽኝ በቀኜ በኩል ሆነሽ ነው የምታወሪኝ።